የጾም ሰኒያ

በቤታችን እራት የምሠራው እኔ ነኝ። ልመካበት ብዬ አይደለም፤ የምናገረው ነገር ሁሉ የመጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ባለቤቴን ቁርጥማት ጣቶቿን ከያዛት ወዲህ ቢላ መጨበጥ አቃታት። ሽንኩርቱ ያመልጣታል፣ ቢላው ይወድቅባታል። አንድ ቀን ከደበርጃን ጋር ስትታገል አየሁና «በይ ተነሺ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢላው ከእጄ አልወጣም።

«ኧረ ወፍራም ነው! ለከብት ነው እንዴ የምትቆርጠው?» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን።

«ጥርስ አለሽ አይደል፤ አኝኪዋ።»

ቀን ቀን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ደጃፍ ተቀምጬ የሰሊጥ ጆንያ አፍ እሰፋለሁ። በጉብዝናዬ ጊዜ ጆንያውን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲል መርፌ ሰጡኝ። ድንበር ከተሻገርን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ ስንመጣ መተማን አልፈን ዶካ ላይ ማሽላ እያጨድን ከረምን፣ ከዚያ እዚህ ገባን፣ እዚሁ ቀረን። የተማርኩት ፊደልና ጥቂት ንባብ ብቻ ነው፤ ቃል ብሳሳት አንባቢ ይለፈኝ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መርፌዬን ኮፍያዬ ላይ እሰካና ወደ ቤት እሄዳለሁ። ሁለት ደበርጃን አጥባለሁ። አገሬው «አስወድ» ይለዋል፣ ጥቁር ማለቱ ነው። ሦስት አራት ቲማቲም፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ካለ ድንች፣ ካለ ባሚያ፣ ከዚያ ቃሪያ። ሁሉን አውራ ጣት አውራ ጣት አሳክዬ እቆርጥና በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በሸጣ አሸዋለሁ። ሸጣ የሱዳን ሚጥሚጣ ነው፤ ደቃቅና ክፉ። ላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት አፈስና ሰኒያው ላይ፣ ማለት ክቡ የብረት ትሪ ላይ፣ ዘርግቼ ወደ ፉርን እወስደዋለሁ።

ፉርን የሰፈራችን ዳቦ ቤት ነው። በእንጨት የሚነድ ትልቅ ምድጃ አለው። የማታው ዳቦ ወጥቶ ሲያበቃ ምድጃው ገና ትኩስ ስለሆነ ሰፈርተኛው ሰኒያ ሰኒያውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ድንች። ከተሰለፈው ሰው ነጭ ጢም ያለው ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ያ ዓም፣ ሚስትህ ጡረታ ወጣች እንዴ?» ይሉኛል ሴቶቹ። ያ ዓም ማለት እንደ እኛ ጋሼ ነው።

«እሷ ወጣች፤ እኔን ቀጠሩኝ» እላለሁ።

ይስቃሉ። ጋጋሪው ሰኒያዬን ተቀብሎ በረጅሙ መቅዘፊያ ወደ ውስጥ ይገፋውና የመግሪብ ሶላት ሊሰግድ ጎረቤት ካለው መስጊድ ይሄዳል። ሰግዶ ሲመለስ እራቴ ደርሷል። ሰዓት የምናይ ሰዎች አይደለንም። ሶላቱ የረዘመ ዕለት የደበርጃኑ ጠርዝ ያራል፣ ያጠረ ዕለት ድንቹ ይጠነክራል። ቤት ስገባ ዳኳ፣ የለውዝ ልቁጥ ነው፣ በሎሚ በጥብጬ አፈስበታለሁ፤ በኪስራ፣ በስሱ የማሽላ እንጀራ፣ እንበላዋለን። ከቢላው እስከ ጉርሻው ሁሉም ነገር ቶሎ ነው። ለደከመው ሰው ከዚህ የሚሻል እራት አላውቅም።

እንግዲህ ያጠፋሁት በዚህ እራት ነው።

አንዲት ልጅ አለችን። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ኋላ ኸርቱም ሄዳ ሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር። በየእሑዱ ትደውላለች። ጦርነቱ ሲነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ አገኘናት፤ «ጋብ ሲል እመጣለሁ» አለች። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። በደወልን ቁጥር አንዲት ሴት በዓረብኛ «የደወሉለት ሰው ሊገኝ አይችልም» ትለናለች። ባለቤቴ ያቺን ሴት ልክ እንደ ሰው ጠላቻት። «ይቺ ናት ልጄን የደበቀችብኝ» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል የበሩን መቃን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አጣፍታለች።

«ስማኝ፤ ምስክር ሁነኝ» አለችኝ። «ለእመቤቴ ተስያለሁ። ልጄ በዚህ በር እስክትገባ ድረስ ሥጋ ቢሉ፣ ወተት ቢሉ፣ እንቁላል ቢሉ፣ ቅቤ ቢሉ በአፌ አይዞርም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ቀን። ከገባችልኝ ጥላ አገባለሁ፤ በሕዝብ ፊት ቆሜም እናገራለሁ።»

«አሜን» አልኩ። ምስክር ሁን አለችኝ፣ ሆንኩ።

ክረምቱ መጣ። በክረምቱ ወባ ያዛትና ስትድን ማሽተት ጠፋት። የሽንኩርቱንም የሳሙናውንም ሽታ አትለይም ነበር። ምግቡም እንጨት ሆነባት። ሰኒያውን አቀርባለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትጎርስና እጇን ትሰበስባለች። ቀሚሷ ሰፋት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ደሟ አልቋል። ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት ስጣት። ካልበላች አትቆይልህም» አለኝ።

መንገድ ላይ ለመንኳት። እግዜር የታመመ አይጾም ይላል አልኳት፤ ቄሱም ይፈቱሻል አልኳት።

«ጾም ቢሆን ይፈቱኝ ነበር» አለች ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ይሄ ጾም አይደለም። ይሄ ልጄ ናት።»

ክንዷን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት።

አንድ ማክሰኞ ነበር። ሰኒያውን እንደ ወትሮው አመጣሁ፣ ዳኳውን አፈሰስኩ፣ ተቀመጥን። ጎረሰች፤ ደገመች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ መብላት ያዘች። እኔ መጉረሴን ትቼ አያታለሁ። መጨረሻ ላይ የሰኒያውን ጠርዝ በኪስራ ስትጠርግ እንባዬ መጣ። ለስንት ጊዜ ያላየሁት ነገር ነው።

«ዛሬ እጅህ ጣፈጠ» አለችኝ። «ድሮ እንዲህ ታበስል ኖሮ ገና በልጅነትህ እወድህ ነበር።»

«ያኔማ አትወጂኝም ነበር ማለት ነው?»

«ያኔማ ትዳር ነበር» አለችና ሳቀች።

ሰኒያውን ላጥብ ስነሳ የተረፈውን ፍርፋሪ ቀመስኩ። ምላሴ ላይ አንድ ነገር ተንሸራተተ። እኔ ያደግኩት ከብት ካለበት ቤት ነው፤ ቅቤ አይጠፋኝም። ምናልባት ከሌላ ሰው ሰኒያ ተንጠባጥቦ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደግሜ አልቀመስኩም።

በማግስቱ ጋጋሪውን ጠየቅኩት። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሳቅ የማይለየው ሰው ነው። የምንነጋገረው በዓረብኛ ነው።

«ትናንት ሰኒያዬ ላይ ምን ነበር?»

«ደረስክበት?» አለና ሳቀ። «አንድ ማንኪያ ሰምን ጣል አደረግኩበት።» ሰምን የእነሱ የነጠረ ቅቤ ነው። «ያ ዓም፣ ያቺን ሴትዮ አየኋትኮ። ግድግዳ እየያዘች ነው የምትሄደው። ሰው በደረቅ ደበርጃን ይድናል?»

«እኛ ጾም ላይ ነን» አልኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ጾማችሁ ሥጋ አለመብላት አይደለም ወይ? እኔ ሥጋ አልጨመርኩም። ሰምን ሥጋ ነው እንዴ?»

እጁ ላይ ዱቄት ነበር። ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም። በእነሱ ዘንድ ጾም ማለት ጀንበር እስክትጠልቅ ነው፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ቅቤም ሥጋም ያው ነው። የእኛን ደግሞ ሥጋ አለመብላት ብቻ አድርጎ ነው የሰማው። አንዲት ቃል ብቻ ብናገር በቂ ነበር። «ቅቤም ያው ነው፤ ይቅር» ብዬ ብነግረው ያለ ቅሬታ ይተወው ነበር።

«ሥጋስ አይደለም» አልኩት።

«ኸላስ!» አለ፤ አበቃ ማለቱ ነው። ሰኒያዬን ተቀበለኝ። ማንኪያውን ሲያነሳ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴን አዞር ነበር። ኋላ ማዞሩንም ተውኩት። አንድ ቀን ሥራ በዝቶበት ሰኒያዬን ሳይቀባ ሊያስገባ ሲል «ያቺን ነገር አትርሳ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ጻፍኩት።

ማሽተት ቢጠፋትም ምላሷ እንዳይነቃ ፈራሁ። ስለዚህ ሸጣውን ጨመርኩ። ግማሽ ማንኪያ የነበረው አንድ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ተኩል። ስትበላ ዓይኗ ያነባል፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው!»

«ወባ የሚባለው ነገር ሸጣ አይወድም» እላለሁ።

«እሳት ነው። ግን ይጣፍጣል።»

አንድ ቀን ጣቶቿን አሻሽታ አየችና «ዘይቱን ቀየርከው?» አለችኝ።

«አዲስ የተጨመቀ ሰሊጥ ነው» አልኳት። ሰሊጥ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ የምውል ሰው ነኝ፤ ለምን አታምነኝም?

ከሁሉ የከፋው ግን ከመብላቷ በፊት የምትለው ነበር። ሰኒያው ፊቷ ሲቀርብ እጇን ትዘረጋና «እመቤቴ፣ እኔ በቃሌ ነኝ፤ አንቺም በቃልሽ ሁኚልኝ» ትላለች። ያን ስትል እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። አሜን እላለሁ። ሌላ ጊዜ ሁሉ አሜን እል ነበርና ዝም ብል ትጠይቀኛለች ብዬ ነው።

ጉንጯ ግን መሙላት ጀመረ። ግድግዳ መያዝ ተወች። ፉርን ድረስ ራሷ ሄዳ ዳቦ ገዛች። ጋጋሪው ያን ዕለት አየኝና በጀርባዋ በኩል አውራ ጣቱን ቀስሮ ጠቀሰኝ። ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሌላውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ተቆጣሁ፣ በሰንበት ሥራ ሠራሁ፣ ሰው አማሁ አልኩ። ያቺን ብቻ ዋጥኳት። «ሌላ አለ?» አሉኝ። «የለም አባቴ» አልኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ስልክ ጠራ። የማናውቀው ቁጥር ነው። እኔ አነሳሁት።

«ያባ!» አለ ድምፁ። ልጃችን በአገሬው ልማድ እኔን «ያባ» ነው የምትለው፤ አባዬ ማለቷ ነው። «ያባ፣ ደህና ነኝ፣ ወላሂ ደህና ነኝ!»

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ስንት ወር ሙሉ የጠፋችን ልጅ ስታገኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ወላሂ አትበይ ብዬሻለሁ!» የሚል ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቱ ስልኳን መንገድ ላይ ቀምተዋት፣ ከሰው ጋር ከመንደር መንደር ስትሸሽ ከርማ ሰናር ደርሳለች። አውቶቡስ እንዳገኘች ትመጣለች። ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ሰማችኝ! በቃሌ ስለቆየሁ ሰማችኝ!»

ወደ ውጭ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር። ግድግዳ ሥር ቆምኩ።

ልጅቱ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ቀትር ላይ መጣች። በጎረቤት በኩል አጥራችን ላይ ክፍተት አለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በእሷ ነው የምትገባው። አንዲት ፌስታል ይዛ በዚያው ጓሮ በኩል ብቅ ስትል ባለቤቴ ሮጣ አልተጠመጠመችባትም። እጇን ዘርግታ አቆመቻት።

«ተመለሺ!»

«እማዬ?»

«ተመለሺና በዋናው በር ግቢ! በር ነው ያልኩት፤ በአጥር አላልኩም።»

ልጅቱ ወደ እኔ አየች። «ሂጂ እንዳለችሽ» አልኳት። አቧራዋን እንደለበሰች ዞራ ሄዳ በበሩ ገባች፤ ያኔ ነው እናትዬዋ ያቀፈቻት። ሁለቱም መቆም አቅቷቸው በሩ ላይ ተቀመጡ።

ያን ቀን ማታ ሰኒያ አስጠበስኩ። ስለቱ አብቅቷል፤ ስለዚህ ቅቤ ቢገባበት ነውር አልነበረም። ልጅቱ አንዴ ጎረሰችና «ያባ፣ ሰምን አድርገህበታል፣ አይደል? ያምራል» አለች።

ባለቤቴ ማኘክ አቆመች።

«አንቺ ስለመጣሽ ነው» አልኩ።

«ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ። ቀስ ብላ ማኘክ ቀጠለች። «እኔንስ የዘወትሩ መሰለኝ።»

ኪስራዬን አስቀምጬ ውኃ ላመጣ ተነሳሁ።

ወር በገባ በሃያ አንድ ማርያም ነው። ባለቤቴ ጥላውን ለማግባት ተሰናዳች። ቀይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አለው፤ የሰፈሯ ሴቶች ረድተዋት ከሐር የተሰፋ ነው። በሃያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋ ላይ ዘርግታው ዘርፉን በዚያ በታመመ ጣቷ ታስተካክል ነበር። ልጅቱ ጎረቤት ሰው ፀጉር ልትሠራ ሄዳለች። እኔ በርጩማ ላይ ደበርጃን እቆርጣለሁ።

«ነገ ምን እንደምል ታውቃለህ?» አለችኝ። «እናንተ እናቶች፣ ስለታችሁን ጠብቁ ነው የምላቸው። እኔ አንዲት ቀን ሳላጎድል ጠበቅኩ፤ እሷም አላጎደለችብኝ እላለሁ። ልጆቻቸው የጠፉባቸው ብዙ ናቸው፤ ይበረታሉ።»

ቢላውን አስቀመጥኩ። በእኔ ማንኪያ የተነሳ ማርያም ፊት፣ በእነዚያ ሁሉ እናቶች ፊት ልትዋሽ ነው። ሳታውቅ።

«እንደሱ አትበዪ» አልኳት።

«ለምን?»

«አጉድለሻል። እኔ አጉድዬብሻለሁ።»

ነገርኳት። ጋጋሪው በደግነት እንደጀመረው፣ ሥጋስ አይደለም እንዳልኩት፣ ሸጣው ለምን እንደበዛ ነገርኳት። እጇ ዘርፉ ላይ እንዳለ ሰማችኝ።

«አንተ ከመቼ ጀምሮ አወቅክ?»

«ከሁለተኛው ቀን።»

«እኔ ሰኒያው ላይ ስጸልይ አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«አዎ።»

«አሜን ትል ነበር።»

«እየሞትሽብኝ ነበርኮ» አልኩ።

«ልሙታ!» አለች። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ስለቱ የእኔ ነው፣ ሞቱም የእኔ ነው! አንተን ምስክር ሁነኝ እንጂ ፍረድልኝ መቼ አልኩህ?»

ጥላውን አጠፈችው፤ ጣቷ እንቢ እያላት፣ ልረዳት ስነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

«ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

አልቆጠርኩም ነበር። ማን ይቆጥራል እንዲህ ያለ ነገር? ፊቷን አየሁ። ከአፌ የወጣው «ሃያ» የሚል ነው። እንዲሁ ወጣ። ቀኑ ሃያ ስለነበር ይሆናል፣ ትንሽ ቁጥር ስለሆነም ይሆናል።

«ሃያ» አለች። ለራሷ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ስለቶች ይወጣሉ፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። እሷ ጥላውን ይዛ ወጣች። ቄሱ እንደ ልማዳቸው «ስለትሽ ደረሰልሽ?» አሏት።

«የእሷ ደርሶልኛል አባቴ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ልጄ በቤቴ በር ገብታለች። የእኔ ግን አልደረሰም። ያጎደልኩት ሃያ ቀን አለ፤ ከነገ ጀምሬ እከፍላለሁ። እናንተ ግን እልል በሉልኝ።»

እልልታው ቤተ ክርስቲያኑን አናጋው። እኔ ወንዶች በኩል ቆሜያለሁ። «ሰው አጎደለብኝ» አላለችም፤ «ያጎደልኩት» ነው ያለችው። ሃያ የሚለው የእኔ የፈጠራ ቁጥር በማርያም ፊት ተነገረ።

ያን ዕለት ማታ ፉርን ሄጄ ለጋጋሪው ቁርጡን ነገርኩት። ቅቤም እንደ ሥጋ መሆኑን፣ ሚስቴ ለልጇ ስትል የተወችው መሆኑን ነገርኩት። መቅዘፊያውን አስደግፎ ቆመ።

«ያ ዓም፣ እኔ በደልኳት ማለት ነው?»

«አንተ አይደለህም። አንተ ጠይቀኸኝ ነበር።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ማንኪያውን ከሰምኑ ጣሳ አውጥቶ ሌላ መደርደሪያ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ሰኒያዬ ከሌላው ሰው ሰኒያ እንዳይነካካ ምድጃው ጥግ ብቻውን አስገባልኝ። አሁን ስመጣ ከሩቅ «ደረቁ መጣ!» ይላል። ሰኒያውን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅኩትም።

«እማዬ፣ እኔ መጥቻለሁኮ! አሁን ለማን ነው የምትጾሚው?» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ» አለቻት።

ሃያው ቀን አለቀ። ልጅቱ ለእናቷ እንቁላል ቀቀለች። ባለቤቴ አማተበችና ገደፈች። ጉንጯ አልጎደለም ነበር፤ ልጇን እያየች ስትበላ ደበርጃኑም ይበቃት ነበር መሰለኝ። ከእኔ ጋር ትነጋገራለች፣ ትቀልዳለችም፤ ግን ሰኒያው ከፉርን ሲመጣ ከመጉረሷ በፊት እጄን ታያለች። ፊቴን አይደለም፤ እጄን።

በእነዚያ ቀናት ጆንያ እየሰፋሁ አሰብኩት። ጋጋሪው የመጀመሪያዋን ማንኪያ የጨመረ ዕለት መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ አዲሱ ሰሊጥ ገና ማሳ ላይ ነው፣ እኔ የምሰፋው የተቀደደ አሮጌ ጆንያ ነበር። ልጅቱ በበሩ የገባች ቀን ግን ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ በረንዳው ሁሉ ሞልቶ፣ ጣቴ ቆስሎ ነበር። ያ ሁሉ ሰሊጥ በሃያ ቀን አይገባም። አርባ ቢያንሰው ነው እንጂ አይበዛበትም።

ስለዚህ እሷ ስትገድፍ እኔ ቀጠልኩ። ሰኒያው ላይ ልጅቱ በእነሱ በኩል ሰምን ታፈሳለች፤ እኔ በደረቁ በኩል እበላለሁ። ሸጣውም ወደ ግማሽ ማንኪያ ተመልሷል። አንድ ማታ ባለቤቴ እንቁላሏን ከፍላ ወደ እኔ ገፋችው። መልሼ ገፋሁት።

«ምነው?»

«ሆዴ አልተመቸኝም።»

በማግስቱም ገፋችው። በማግስቱም ሆዴን አልኩ። በሦስተኛው ቀን እጄን ሳይሆን ፊቴን አየችኝ።

«ሃያ ነው ያልከኝ አይደል?» አለችኝ።

ልጅቱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። አንገቴን ደፋሁ።

ባለቤቴ እንቁላሉን አንስታ ልጅቱ ፊት አስቀመጠችው። ሰኒያውን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው፤ ደረቁ ጎን በእኔና በእሷ መካከል መጣ። ከዚያ ኪስራ ቆረሰች።

«በል ቁጠር» አለችኝ። «እውነተኛውን። ስንጨርስ ንገረኝ።»

ከጆንያ ክር አንድ ክንድ ቆርጬ በሩ መቃን ላይ፣ ያኔ ቆማ በተሳለችበት ቦታ፣ አንጠልጥያለሁ። በየማታው ከእራት በኋላ አንድ ቋጠሮ እቋጥርበታለሁ። እሷ ቀና ብላ አታየውም። ቆጥሬ እንድነግራት ለእኔ ትታዋለች።

ትናንት አሥራ አንደኛውን ቋጠርኩ።